ተበድረህ ትልቁን ካሜራ አትግዛ

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሰርግና ምረቃ እቀርጻለሁ፤ አንዳንዴም ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ ስብሰባ አገኛለሁ። እስካሁን የምሠራው በአንዲት ሚረርለስ የፎቶ ካሜራ ነው። ተክሊል ላይ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ቀረጻው ይቆምብኛል። ድምፁም ሁሌ ችግር አለበት። አሁን ዕቁብ ወጥቶልኝ 320 ሺህ ብር ይዣለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ አንድ ሻጭ ‹120 ሺህ ጨምርና ዜድ90ን ውሰድ፤ ኤስዲአይ አለው፣ ቴን ቢት ነው› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ትከሻ ላይ የሚቀመጠውን ሶኒ ግዛ፤ ደንበኛ የሚያከብርህ እሱን ስትይዝ ነው› ይላል። አሜሪካ ያለችው አክስቴም ለገና ስትመጣ ካሜራ ላምጣልህ ብላኛለች። የማንን ልስማ?
ቪዲዮ አንሺው፣ ከአራት ኪሎ»

መልሱ

ወንድሜ፣ እንኳን ዕቁቡ ወጣልህ። ብዙ ጠብቀህ ያገኘኸው ገንዘብ ስለሆነ መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርህ። 120 ሺሁን አትበደር። ትከሻ ላይ የሚቀመጠውንም ተወው። የአክስትህ ነገር ግን ይታሰብበታል፤ እመለስበታለሁ።

ካሜራ ስንመርጥ ብዙዎቻችን ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ሻጩ በሚያሳየን ወረቀት ላይ ነው። አንተ ግን ከሥራህ ተነስ። ገንዘብ የሚያመጣልህ ሰርግ ነው፤ በተለይ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት። ሙሽሮቹ ቪዲዮውን የሚያዩት በስልካቸውና ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ነው። ውጭ ላለ ዘመድም በቴሌግራም ይልኩታል። ቀለሙ ቴን ቢት አይደለም ብሎ የሚቆጣ ቤተሰብ የለም። የአባትየው ምርቃት አልተሰማም፣ ቀለበት ሲያደርጉ አልተቀረጸም ብሎ ቀሪ ክፍያ የሚይዝ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ገንዘብህ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ለሦስት ነገር ነው፤ ለማይቋረጥ ቀረጻ፣ ለጥሩ ድምፅ፣ ለደብዛዛ ብርሃን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ካሜራህ በግማሽ ሰዓት የሚቆመው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ብዙ የፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ እንዲቆሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። በአውሮፓ ኅብረት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር፣ አምራቾቹ ቀረጡን ለማስቀረት ገደቡን አስቀመጡበት። አዳዲሶቹ ላይ ይህ ገደብ እየቀረ ነው። ሙቀት ግን አሁንም ብዙዎቹን ያስቆማቸዋል። ካምኮርደር፣ ማለት የቪዲዮ ካሜራ፣ ከመጀመሪያውም ለረጅም ቀረጻ የተሠራ ነው። ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይይዛል፤ አንዱ ሲሞላ ሳይቋረጥ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ከፈለግህ ደግሞ ሁለቱም ላይ እኩል ይቀርጻል። ይህ ሁለተኛው ለሰርግ ትልቅ ነገር ነው። ካርድ ቢበላሽብህ ያንን ቀን ማንም አይመልስልህም።

ጓደኛህ ስለ ትልቁ ካሜራ የሚለው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ደንበኛ በዓይኑ ይመዝናል፤ ይህ ያለ ነገር ነው። ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሶኒ ኤችኤክስአር-ኤምሲ2500 ነው። አካሉ ትልቅ ነው። ውስጡ ያለው ሴንሰር፣ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል፣ ግን ሩብ ኢንች የሚባለው ነው። አሁን ከምነግርህ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። የሚቀርጸው በፉል ኤችዲ ብቻ ነው፤ የባለሙያ ማይክ ገመድ የሚሰካበት ኤክስኤልአር የድምፅ መግቢያም የለውም። ጠዋት ጨለምለም ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ ልዩነት ምስሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደንበኛህ በሰርጉ ቀን ቢያከብርህም ቪዲዮውን ሲያይ ምን እንደሚል አስብ። ቁመና ካስፈለገ ካሜራህን ጥሩ ስታንድ ላይ አቁመው፣ ከላይ ማይክ ግጠምለት። ያ ይበቃል።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። ዜድ90 ብሎ የጠራልህ ካሜራ ሁለት የአንድ እናት ወንድሞች አሉት። ሶኒ ሦስቱንም ያስተዋወቃቸው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ታናሹ ኤፍዲአር-ኤኤክስ700፣ መካከለኛው ኤችኤክስአር-ኤንኤክስ80፣ ታላቁ ፒኤክስደብሊው-ዜድ90 ነው። ሴንሰራቸው አንድ ነው፤ 1 ኢንች የሚባለው፣ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር። ሌንሳቸውም አንድ ነው፤ ሰፊው ጫፍ 29 ሚሊሜትር፣ ሩቁ 348፣ ማለት 12 እጥፍ ዙም። ፎከሳቸው በ273 ነጥብ ፊት ተከትሎ ይይዛል። ሦስቱም ውስጣቸው የተሠራ፣ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር አላቸው፤ ሦስቱም ሁለት ካርድ ይይዛሉ። ፎርኬ፣ ማለት ከፉል ኤችዲ የበለጠ ጥርት ያለውን ምስል፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻሉ። በፎርኬ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ብታሳየኝ የቱ የቱ እንደሆነ አልለይልህም፤ ሻጩም አይለይም።

ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡበት ዋጋ ግን ተራርቆ ነበር። ታናሹ 1,900 ዶላር ገደማ፣ መካከለኛው 2,300፣ ታላቁ 2,800። ከታናሹ እስከ ታላቁ ያለው ልዩነት የታናሹን ዋጋ ግማሽ ሊያክል ምንም አልቀረውም። በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍልህም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምጽፍልህ ዋጋ ሳይቆይ ያረጃል። የዋጋዎቹን ርቀት ብቻ ያዝ።

ከታናሹ ወደ መካከለኛው ስትሄድ የምታገኘው የሚፈታ እጀታ ነው። እጀታው ላይ ሁለት ኤክስኤልአር መግቢያ አለ፤ 48 ቮልት ለሚፈልግ ማይክም ኃይል ይሰጣል። ከመካከለኛው ወደ ታላቁ ስትሄድ ዋናው ልዩነት ኤስዲአይ የሚባለው የምስል ገመድ መውጫና የቴን ቢት ቀረጻ ነው። ሻጩ የጠራልህ እነዚህን ሁለቱን ነው።

ቴን ቢቱን እንየው። ኤይት ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ይሰጣል፤ ቴን ቢት 1,024። ኤዲት ላይ ቀለም አብዝቶ ለሚለውጥ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን ዜድ90 ቴን ቢት የሚቀርጸው በፉል ኤችዲ ብቻ ነው። ወደ ፎርኬ ስትቀይረው እሱም እንደ ታናናሾቹ ኤይት ቢት ነው። ሻጩ «ፎርኬም ነው፣ ቴን ቢትም ነው» ቢልህ ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታገኝም። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው ይህንን የሚያውቀው። ያናድደኛል፤ ሻጭ ሳይጠየቅ ሊናገረው የሚገባ ነገር ነበር።

ኤስዲአይ ደግሞ ካሜራህን ርቆ ካለ የካሜራዎች ምስል ማቀያየሪያ ጋር ስታገናኝ ነው የሚያስፈልግህ። ገመዱ ተጠምዝዞ ይቆለፋል፤ ሰው ቢረግጠው አይወልቅም። ብዙ አሥር ሜትርም ይሄዳል። ኤችዲኤምአይ እንደዚያ አይደለም። ከአሥር ሜትር ካለፈ መተማመን አይቻልም፤ በቀላሉም ይነቀላል። አንተ ግን በብዛት የምትቀርጸው ካርድ ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ላይቭ ብትሠራ እንኳ እኛ አገር በብዛት የሚታየው ትንሹ ማቀያየሪያ፣ ኤቴም ሚኒ፣ የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ ነው። አልፎ አልፎ ረጅም ገመድ ካስፈለገህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤስዲአይ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ተከራይ። ቋሚ የቴሌቪዥን ሥራ ካገኘህና ጣቢያው ፋይሉን በቴን ቢት ከጠየቀህ ያን ጊዜ ታላቁን እናወራለን። ውሉ ሳይመጣ ካሜራውን አትግዛ።

ስለዚህ የምመክርህ መካከለኛውን፣ ኤንኤክስ80ን ነው። ምክንያቱ ድምፅ ነው።

እስቲ ተክሊል ላይ ራስህን አስበው። ካህናቱ መድረኩ ላይ ናቸው፤ አንተ ከሰው ጀርባ። የካሜራህ ማይክ የሚሰማው የሚያለቅስ ልጅና እልልታ ነው። የካህኑ ድምፅ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ማይክ በኩል ሚክሰር ውስጥ ጥርት ብሎ አለ። ከሚክሰሩ በኤክስኤልአር ገመድ ወደ ካሜራህ አንደኛ ቻናል አስገባው። እጀታው ላይ ያለውን ማብሪያ «ላይን» ላይ አድርገው። «ማይክ» ላይ ከተውከው ድምፁ ተሰባብሮ ይመጣል፤ ኤዲት ላይም አይድንም። 48 ቮልቱን በዚያ መስመር ላይ አጥፋው። ሁለተኛው ቻናል ላይ ደግሞ የራስህን ማይክ ሰካ፤ እልልታውና ዝማሬው ከክፍሉ ድባብ ጋር የሚመጣው በእሱ ነው። ቤት ስትገባ ሁለቱን ትቀላቅላለህ። መብራት ጠፍቶ ሚክሰሩ ቢዘጋ እንኳ ሁለተኛው ያድንሃል።

ይህ እንዲሆን ቀድመህ ድረስ። ሳውንድ የሚያስተካክለውን ልጅ ሰላም በለው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ የራስህን ገመድ ይዘህ ሂድ። የሱን ገመድ ነቅሎ የራሱን የሚሰካ ቪዲዮ አንሺ ሁለተኛ አይቀርብም። ጆሮ ማዳመጫም ግዴታ ነው። ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ሲወዛወዝ አይቶ «እየገባ ነው» ማለት አይበቃም። ጩኸት ይሁን ንግግር፣ መስመሩ ያው ይወዛወዛል።

ታናሹን ኤኤክስ700 ገዝተህ ለብቻው ድምፅ መቅጃ ብትይዝስ? ይቻላል። ዋጋውም ያንሳል። ግን ብቻህን የምትሠራ ሰው ነህ። አንድ ተጨማሪ ዕቃ፣ አንድ ተጨማሪ ባትሪ፣ ኤዲት ላይ ማገጣጠም አለ። በሰርግ ግርግር ውስጥ የመቅጃውን ቁልፍ መጫን ይረሳል። የ400 ዶላሩ ልዩነት ይህንን ጭንቀት ያስቀርልሃል፤ እኔ ብሆን እከፍለዋለሁ።

የብርሃኑን ነገር አስተውል። የሌንሱ ቁጥር ኤፍ 2.8 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ይህ ግን ሰፊው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ዙም አድርገህ መጨረሻ ስትደርስ 4.5 ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚገባው ብርሃን ከመጀመሪያው 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጨለማ ቦታ ላይ ከዙም ይልቅ እግርህን ተጠቀም፤ ፈቃድ እስካለህ ድረስ ቅረብ። ካሜራው ጌይን፣ ማለት ምስሉን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያደምቀውን፣ ጨምሮ ሊያበራልህ ይሞክራል፤ ከ15 ዲሲቤል ባታሳልፈው ደስ ይለኛል። አሮጌዋን ሚረርለስ አትሽጣት። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ካላት፣ በሻማ ብርሃን የሙሽራዋን ፊት ለመያዝ ከአዲሱ ካሜራ ትበልጣለች። ከ4.5 ጋር ሲነጻጸር 1.8 ስድስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ረጅሙን ካምኮርደሩ ይያዘው፤ አጫጭሩን ቆንጆ ምስል እሷ ትሥራው።

ወዳጅነት ፓርክ ለፎቶ ፕሮግራም ስትወጡ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ኃይለኛ ነው። ኤንዲ ፊልተሩ ብርሃኑን ወደ ሩብ፣ ወደ 16ኛ ወይም ወደ 64ኛ ይቀንስልሃል። ሻተሩን፣ ማለት እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ሳታፈጥን፣ እንቅስቃሴው ሳይንቀጠቀጥ ትቀርጻለህ። ዜብራውን፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳይህን፣ 100 አካባቢ አድርገህ ቬሎውንና ነጠላውን ተመልከት። መስመሩ ነጠላው ላይ በሰፊው ከወጣ ጥለቱም ሽመናውም ጠፍቷል ማለት ነው። የኛ ፊት ጠይም ነው፣ ልብሳችን ነጭ ነው። ካሜራውን በአውቶ ከተውከው በነጩ ተታሎ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ወይም ለፊቱ ሲል ነጩን ያቃጥለዋል። በእጅህ ምራው።

ስለ ፎርኬ በአጭሩ። በ100 ሜጋቢት ስትቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሄዳል። ስድስት ሰዓት የቀረጽክበት ሰርግ 270 ጊጋባይት ነው፤ ቅጂ ስታክልበት 540። በፉል ኤችዲ 50 ሜጋቢት ግማሹ ይበቃል። ጥር ውስጥ በተከታታይ ሰርግ ስታነሳ የሃርድ ዲስኩ ወጪና የኮምፒውተርህ መንቀራፈፍ ቀላል አይደለም። ፎርኬን ስታንድ ላይ ቆሞ ሰፋ አድርጎ ለሚይዝ ቀረጻ ተጠቀምበት፤ ኋላ ቆርጠህ ወደ ሙሽሮቹ ብታቀርበው ጥራቱን ይዞ ይቆያል። ለጭፈራው ፉል ኤችዲ ይሻላል። ይህ ካሜራ በፎርኬ በሴኮንድ ከ25 ወይም ከ30 ፍሬም አያልፍም። በፉል ኤችዲ ግን እስከ 100 ይደርሳል፤ እስክስታ በዝግታ ሲታይ የትከሻው ነገር እንዴት እንደሚያምር ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ አክስትህ። የኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ የአሜሪካ 60። አሜሪካ የሚሸጠው ኤኤክስ700 በሴኮንድ 60፣ 30 ወይም 24 ፍሬም እንጂ 25 እና 50 አይቀርጽም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሻተር 1/60 ከቀረጽክበት አንዳንዱ መብራት ምስሉ ላይ ይርገበገባል። ሻተሩን 1/100 በማድረግ ታስተካክለዋለህ፤ ግን በ25 ከምትቀርጽ ጓደኛህ ጋር ፋይል ስታቀላቅል ያስቸግራል። ኤንኤክስ80 ግን ሜኑው ውስጥ ከ60 ወደ 50 ይቀየራል። ስለዚህ አክስትህን «ኤንኤክስ80» ብለህ ቁጥሩን ጽፈህ ላክላት። «ሶኒ ቪዲዮ ካሜራ» ብቻ ካልካት ሱቅ ያገኘችውን ነው የምታመጣልህ። የቀረጡንም ነገር ከመምጣቷ በፊት ጉምሩክ ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ አትደናገጡ።

አንድ ሌላ አማራጭ ልተውልህ። ስብሰባው ከሰርጉ እየበዛ ከሄደ ፓናሶኒክ ኤችሲ-ኤክስ2000ን እይ። ሲወጣ 2,200 ዶላር አካባቢ ነበር። 24 እጥፍ ዙም አለው፤ ከአዳራሽ ጀርባ ሆነህ የተናጋሪውን ፊት ታመጣለህ። ኤክስኤልአርም ኤስዲአይም አለው፤ ፎርኬንም በቴን ቢት ይቀርጻል። በወረቀት ላይ ሁሉንም ያሸንፋል። ሴንሰሩ ግን 1/2.5 ኢንች ነው፤ በጣም ያንሳል። መብራቱ ቦግ ባለ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ምንም አይልህም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዙም ስታደርግ ግን ምስሉ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሰርግ ላይ እስካለህ ድረስ አልመርጥልህም።

ከ320 ሺሁ ለካሜራው ሁሉንም አታውጣ። ሁለት ትልልቅ ባትሪ፣ ፈጣን ካርዶች፣ ለስላሳ ራስ ያለው ስታንድ፣ ገመድ አልባ የደረት ማይክ፣ ረጅም የኤክስኤልአር ገመድና ጆሮ ማዳመጫ ግዛ። አዲስ ኤንኤክስ80 ይህንን ሁሉ የሚያሳጣህ ከሆነ ያገለገለ ፈልግ። ከመክፈልህ በፊት ግን ለአንድ ሰርግ ተከራይተህ እጅህ ላይ እየው። እዚሁ መሀል ከተማ በቀን የሚያከራዩ አሉ። ሌንሱ ላይ ያለው ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዙምና ፎከስ በማብሪያ እየተቀያየሩ ነው የሚሠሩት። ይህ የማይመቸው ሰው አለ፤ አንተ ትሁን አትሁን ሳትይዘው አይታወቅም።

ያገለገለ ስትገዛ በቀን ሂድ፣ የራስህን ካርድ ይዘህ። ሌንሱን ከድነህ ጌይኑን ከፍ አድርግና ቅረጽ፤ ጥቁሩ ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ ሴንሰሩ ተጎድቷል። ከሰፊው ጫፍ እስከ ሩቁ ቀስ ብለህ ዙም አድርግ፤ ከተንገጫገጨ ወይም ፎከሱ ከሸሸ ተወው። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ፣ ሁለቱንም ኤክስኤልአር ከነ48 ቮልቱ ሞክር። እጀታውን ፈትተህ ግጠመው፤ ማይኩ መሥራቱን በጆሮህ ስማ። ከሥር የስታንድ ብሎን የሚገባበትን ቦታ እይ፤ ከተሰነጠቀ ወድቆ ያውቃል። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ እንዲቀርጽ አድርገህ ጠብቅ፤ አጠገቡ ማኪያቶ እየጠጣህም ቢሆን። ሻጩ ይህንን ሁሉ እንድትሞክር ካልፈቀደልህ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢያምርም ቀብድ ሳታስይዝ ወደ ሌላ ሱቅ ሂድ።